«ደሞዝ አልተቀበልኩም» ማለት «አልሠራሁም» ማለት አይደለም፦ ስለ ባክፓክ ጉዞና በጎ ፈቃድ የሚሰሙ ስህተቶች

«ገንዘብ እስካልተከፈለኝ ድረስ ሥራ አይባልም፤ የቱሪስት ቪዛ ይበቃኛል።» ሻንጣ አዝለው ውጭ አገር በበጎ ፈቃድ ለማገልገል የሚነሱ ሰዎች ከሚሉት ሁሉ ይህን ያህል የተደጋገመ የለም። ተሳስተዋል ሲባሉ የሚያቀርቡት ማስረጃም ሁሌ አንድ ነው፦ «እገሌ ሄዶ ምንም አልሆነም።» እገሌ ምንም ያልሆነው ስላልተጠየቀ ነው እንጂ ስለተፈቀደለት አይደለም።

ብዙ አገሮች ሥራን የሚለኩት በደሞዝ ብቻ አይደለም። በምትኩ ምን ጥቅም ተገኘ ብለው ይጠይቃሉ፤ አልጋና ምግብ ደግሞ ጥቅም ነው። በቀን 5 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን አትክልት ኮትኩቶ ወይም የእንግዳ ማረፊያ አልጋ አንጥፎ ማደሪያና ምግብ ማግኘት በዓይነት የተከፈለ ደሞዝ ሆኖ ይቆጠራል። ኒውዚላንድ ይህን በግልጽ አስቀምጣዋለች፤ ለማደሪያና ለምግብ ብሎ እርሻ ላይ የሚሠራ ሰው መሥራት የሚያስችል ቪዛ መያዝ አለበት። ብሪታንያ ትንሽ ላላ ትላለች። በጎብኚነት የገባ ሰው በጠቅላላው እስከ 30 ቀን በጎ ፈቃድ መስጠት ይችላል፤ ግን ለተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት መሆን አለበት፣ የመጣበት ዋና ጉዳይም ሌላ መሆን አለበት። አሜሪካ ቢ-1 በሚባለው የጎብኚ ቪዛ የምትፈቅደው እውቅና ባለው የሃይማኖት ወይም ለትርፍ ያልቆመ የበጎ አድራጎት ድርጅት ፕሮግራም ውስጥ ለሚያገለግል፣ ከወጪ ማካካሻ በቀር ክፍያ ለማይቀበል ሰው ነው። ሦስት አገር፣ ሦስት የተለያየ ሕግ። ከአንዱ አገር የተገኘን ተሞክሮ ለሌላው መምከር ሰውን ገደል መክተት ነው።

የድንበሩ ጠረጴዛ ላይ የሚሆነውን እንይ። ኦፊሰሩ «ለምን መጣህ?» ይላል። «አንድ እርሻ ላይ ላግዝ ነው፤ ማደሪያ ይሰጡኛል» የሚለው ተጓዥ እውነቱን ተናግሯል፤ ግን ሥራውንም ክፍያውንም በአንድ ትንፋሽ አስቆጥሯል። «ለመጎብኘት» ብሎ የሸፈነው ደግሞ ስልኩ ሲፈተሽ «ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ትጀምራለህ፣ እሑድ እረፍት ነው» የሚል መልእክት ይገኝበታል። የዚህኛው ይብሳል። የመጀመሪያው የቪዛ ዓይነት ነው የተሳሳተው፤ ሁለተኛው ለመንግሥት ሠራተኛ ዋሽቷል። ሁለቱም በመጡበት ሊመለሱ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ በሚሞሉት የቪዛ ቅጽ ላይ ሁሉ «ከአገር እንዳይገቡ ተከልክለው ያውቃሉ?» የሚለው ጥያቄ ይጠብቃቸዋል፤ መልሱም «አዎ» ነው።

ስለዚህ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ለተቀባዩ ድርጅት ወይም ቤተሰብ ጻፉና አራት ነገር በጽሑፍ አስመልሱ፦ በምን ስም ተመዝግቧል፣ ሥራው በዝርዝር ምንድን ነው፣ በሳምንት ስንት ሰዓት ነው፣ በምትኩ ምን ይሰጣል። ያንን ይዛችሁ የአገሩን የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ገጽ አንብቡ፤ የጉዞ ወኪልን ሳይሆን የመንግሥቱን። ግልጽ ካልሆነ ለኤምባሲው በኢሜይል ጠይቁ፤ የመጣውን መልስ አትሙና ከፓስፖርታችሁ ጋር ያዙ። ተቀባዩ «ድንበር ላይ ቱሪስት ነኝ በል» ካለ ጉዳዩ እዚያ ላይ ያብቃ። ሕግ ጥሶ የሚያስገባ ሰው በሥራ ሰዓትና በደኅንነትም ቃሉን አይጠብቅም።

ቀን መቁጠርም ብዙዎች ይስታሉ። ሸንገን ውስጥ፣ ማለትም እርስ በርስ የድንበር ቁጥጥር ባነሱት የአውሮፓ አገሮች፣ ቪዛ ሳይጠየቁም ይሁን በአጭር ጊዜ ቪዛ የሚፈቀደው በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ነው። ለአንድ ቀን ወጥቶ መመለስ ቆጠራውን ከዜሮ አያስጀምርም፤ የገቡበትም የወጡበትም ቀን ይቆጠራል። ከኦክቶበር 2025 ወዲህ ደግሞ መግቢያና መውጫው በኤሌክትሮኒክ ሥርዓት መመዝገብ ስለጀመረ፣ ማኅተሙ ደብዝዞ ያመልጠኛል ማለት አይሠራም። ፓስፖርቱም ካለፉት 10 ዓመታት ወዲህ የወጣና ከአካባቢው ከሚወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚቀረው መሆን አለበት፤ ብዙ ሌሎች አገሮች 6 ወር ይጠይቃሉ።

«ልብ ካለ ሙያ አያስፈልግም።» ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ግንብ ሠርቶ የማያውቅ ቡድን ለ2 ሳምንት ትምህርት ቤት ሊገነባ ሲሄድ ምን እንደሚሆን ግንበኞች ያውቁታል። ሲሚንቶው ለማቡካት እንዲቀላቸው ውሃ ያበዙበታል፤ የበዛ ውሃ ደግሞ ሲደርቅ ቀዳዳ ትቶ ጥንካሬውን ይገድለዋል። ቱንቢ ሳይጣል ግድግዳው ያዘማል። ኮንክሪቱ ቢያንስ ለ7 ቀን እርጥበት ሊጠበቅለት ሲገባ በሁለተኛው ቀን ፀሐይ ላይ ይሰነጠቃል። ከዚያ አንድ የሰፈሩ ግንበኛ አፍርሶ እንደገና ይሠራዋል። ጤና ላይ መለኪያው ቀላል ነው፦ በአገራችሁ መርፌ መውጋት ካልተፈቀደላችሁ የትም አትውጉ።

ከዚህ ሁሉ የከፋው የሕፃናት ማሳደጊያ ነው። «ለወላጅ አልባ ሕፃናት ፍቅር ልስጥ» ብሎ ለ3 ሳምንት መሄድ የዋህነት ነው፤ ጉዳቱ ግን የዋህ አይደለም። በእነዚህ ተቋማት ከሚኖሩት ልጆች አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት አላቸው፤ ከቤት የወጡት በድህነት ምክንያት ነው። ጎብኚ ገንዘብ ይዞ በመጣ ቁጥር አንዳንድ ቦታ አልጋውን የሚሞላ ልጅ ከገጠር ማምጣት ንግድ ይሆናል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2019 ባሳለፈው የሕፃናት መብት ውሳኔ አገሮች ከእንዲህ ያለው የበጎ ፈቃድና የቱሪዝም ፕሮግራም የሚመጣውን ጉዳት እንዲከላከሉ የጠየቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ልጁን በቅርብ ብታዩት፣ በመጣችሁ በመጀመሪያው ሰዓት አንገታችሁ ላይ ይጠመጠማል። ብዙዎች ይህንን ፍቅር ይሉታል። አሳዳጊው በየ3 ሳምንቱ የሚቀያየርበት ልጅ ማንን ማመን እንዳለበት ግራ ሲገባው የሚያሳየው ምልክት ሊሆን ይችላል። ልጆችን መርዳት የምትፈልጉ ቤተሰብ እንዳይበተን የሚሠራ ድርጅት ፈልጉ። የወንጀል ነፃ ማስረጃ ሳይጠይቅ ከልጅ ጋር ብቻችሁን የሚተዋችሁን ቦታ ደግሞ በዚያው ቀን ለቃችሁ ውጡ።

«በጎ ፈቃድ ነፃ መሆን አለበት» እና «ብዙ የሚያስከፍለው የተሻለ ነው» የሚሉት ሁለቱም ስህተት ናቸው። ማደሪያ፣ ምግብና አስተባባሪ ወጪ አላቸው፤ መጠየቅ ያለበት ከሚከፈለው ውስጥ ስንቱ እዚያው ለፕሮጀክቱ እንደሚደርስ ነው። ዝርዝሩን በቁጥር የማይሰጥ ካለ ለቃችሁ ሂዱ። የሚከፍሉትም አሉ፦ የአውሮፓ የአብሮነት ኮርፕስ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት ፕሮግራም ከ18 እስከ 30 ዓመት ላሉ ወጣቶች ማደሪያ፣ ምግብ፣ ኢንሹራንስና የኪስ ገንዘብ ይሸፍናል፤ የተባበሩት መንግሥታት በጎ ፈቃደኞች ፕሮግራምም ወርሃዊ የመኖሪያ አበል አለው፤ ብቃትና ልምድ ግን ይጠይቃል።

«ለረጅም ጉዞ ትልቅ ሻንጣ።» 70 ሊትር የገዛ 70 ሊትር ይሞላል። ለ1 ሳምንት የሚበቃ ልብስ ለ6 ወርም ይበቃል፤ ይታጠባል። ከ40 እስከ 45 ሊትር ለአብዛኛው ሰው በቂ ነው። ክብደቱ ከሰውነታችሁ ክብደት 20 በመቶ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 12 ኪሎ ማለት ነው። ከሊትሩ ይልቅ የጀርባው ቁመት ነው የሚያስጨንቀው። አንገት ጎንበስ ሲል ከምትጎላዋ አጥንት እስከ ዳሌ አጥንት ጫፍ ድረስ በሜትር ይለካል፤ ሻንጣው የሚገዛው በዚያ ልክ ነው።

አታጣጠቁም ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ማሰሪያው ሁሉ ይላላል። የወገቡ ቀበቶ ሆድ ላይ ሳይሆን ዳሌ አጥንት ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ከዚያ የትከሻው፣ ቀጥሎ ከትከሻ በላይ ያሉት ትንንሽ መሳቢያዎች፣ መጨረሻ የደረቱ። አብዛኛውን ሸክም መሸከም ያለበት ዳሌ ነው። ትከሻ ላይ ቀይ ሰንበር ከቀረ ቀበቶው ወርዷል ማለት ነው። ከባዱ ዕቃ መሐል ላይ ለጀርባ ተጠግቶ ይገባል፤ ወደ ውጭ ከራቀ ወደ ኋላ ይጎትታል። የዝናብ ልባሱም ብቻውን አያድንም፤ ውሃ በጀርባ በኩል ይገባል። ወፍራም ፕላስቲክ ከረጢት ሻንጣው ውስጥ ዘርግታችሁ ልብሱን እዚያ ክተቱ።

«ማጣሪያ ስላለኝ ማንኛውንም ውሃ እጠጣለሁ።» ባለ 0.1 ማይክሮን ማጣሪያ ባክቴሪያንና እንደ ጃርዲያ ያሉትን ተውሳኮች ይይዛል፤ ቫይረስ ግን ያሳልፋል። የክሎሪን ኪኒን ቫይረሱን ይገድላል፤ በጠራ ውሃ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፣ በቀዘቀዘ ወይም በደፈረሰ ውሃ ከዚያ በላይ፤ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለውን ተውሳክ ግን አይነካውም። ማጣራትና ማከም አንድ ላይ ቢሆኑ ይሸፍናሉ። ሁሉንም የሚገድለው ማፍላት ነው፦ ገንፍሎ 1 ደቂቃ፣ ከ2000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ 3 ደቂቃ፤ ከፍታ ላይ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ነው። ተቅማጥ ከያዛችሁ የሚገድለው ድርቀቱ ነው። በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ ቀስ ብላችሁ ጠጡ። ደም ወይም ትኩሳት ካለበት ማቆሚያ ኪኒን አትዋጡ፤ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

«የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከወሰድኩ ብነከስም ግድ የለም።» ግድ አለ። ቁስሉ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠባል፤ በሰዓት ይዛችሁ፣ በግምት አይደለም። ቀድሞ ክትባት የወሰደ ሰው ከንክሻ በኋላም በ0ኛውና በ3ኛው ቀን ሁለት መርፌ ያስፈልገዋል። የቅድሚያ ክትባቱ ጥቅም ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባለው፣ ራቅ ባለ ቦታ በቀላሉ የማይገኘው መድኃኒት አለማስፈለጉ ነው።

«ወባ ካለበት አገር ከወጣሁ ኪኒኑን አቆማለሁ።» ዶክሲሳይክሊን ከወጡ በኋላ ለ4 ሳምንት ይቀጥላል፣ አቶቫኮን ፕሮጓኒል ለ7 ቀን።

«የቢጫ ወባ ካርድ በ10 ዓመቱ ይታደሳል።» ከጁላይ 2016 ወዲህ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። የሚጸናው ግን ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በዋዜማው መከተብ ድንበር ላይ አይረዳም።

«ስፖርተኛ ስለሆንኩ ከፍታ አይይዘኝም።» ጉልበት ከከፍታ በሽታ አይከላከልም፤ እንዲያውም ፈጥኖ የሚወጣው ይታመማል። ከ3000 ሜትር በኋላ የምትተኙበት ቦታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር፤ በየ3 ወይም 4 ቀኑ አንድ ቀን እረፉ። ራስ ምታቱ ከባሰ ወይም መንገዳገድ ከጀመራችሁ በሌሊትም ቢሆን ውረዱ።

«ኢንሹራንስ አለኝ።» ምን የማይሸፍን እንደሆነ አንብባችኋል? ብዙዎቹ የጉዞ ኢንሹራንሶች የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ ሳይኖራችሁ በሞተር ከወደቃችሁ አይከፍሉም፤ የመኪና መንጃ ፈቃድ አይተካውም። የጉልበት ሥራንም በስም ጠቅሰው የሚያስወጡ አሉ። ጣሪያ ስትቀቡ ከመሰላል ብትወድቁ፣ በቱሪስት ቪዛ ያለፈቃድ ስትሠሩ እንደነበር ከታወቀ ኩባንያው ላለመክፈል ሁለተኛ ምክንያት ያገኛል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ለኢንሹራንሱ «በበጎ ፈቃድ መሰላል ላይ ወጥቼ እቀባለሁ፣ በመጋዝ እሠራለሁ፣ ይሸፈናል ወይ?» ብላችሁ ሥራውን በስሙ ጠርታችሁ ጻፉ። የሕክምና መጓጓዣ፣ ማለትም ከሩቅ ቦታ አንስቶ ወደ ትልቅ ሆስፒታል የሚያደርሰው፣ መኖሩንም በዚያው ጠይቁ። የመጣውን መልስ ከፖሊሲው ቁጥርና ከ24 ሰዓት ስልኩ ጋር በወረቀት አትማችሁ አንዱን ሻንጣ ውስጥ፣ አንዱን አብሮአችሁ ለሚሠራ ሰው ስጡ፤ እናንተ ራሳችሁን ስታችሁ ስትወድቁ የሚደውለው እሱ ነው።