የአዲስ አበባ አትክልትና ፍራፍሬ በየወሩ፦ ኦርጋኒክ ለሚፈልግ ሸማች

ጉልት ላይ «ኦርጋኒክ» የሚል ቃል አትሰሙም። ሻጯ «የሐበሻ ነው» ትላለች፣ አበቃ። የሐበሻ ጎመን፣ የሐበሻ ሽንኩርት፣ የሐበሻ ሎሚ። ቃሉ የሚናገረው ስለ ዘሩ ነው። ገዢው ግን «ኬሚካል አልነካውም» ብሎ ይሰማዋል፣ ሻጯም አታርመውም። ሱፐርማርኬት ሲገቡ ደግሞ ያው አትክልት ታጥቦና በፕላስቲክ ተጠቅልሎ «ኦርጋኒክ» ሆኖ ይጠብቃል።

የግብርና መጻሕፍት ለገበሬው የመዝሪያውን ወር ይነግሩታል። ዘንቢል ይዞ ለሚወጣ ሰው ግን የትኛው ወር ምን እንደሚገዛ የሚነግር ነገር አጣሁ። ስለዚህ ይህችን አጠናቀርኩ። ምንጮቼ የትንሿ አትክልት ቤቴ የግዢ ደብተር፣ የጭነት ሾፌሮች ወሬ እና የምርምር ማዕከላት ያወጧቸው ጽሑፎች ናቸው። ደብተሬ በሽንኩርትና በቲማቲም የተሞላ ነው። ስለ እንጆሪ አንድ መስመር የለውም። እዚህም እንደዚያው ነው የሚሆነው።

ሕጉ ምን ይላል

ኢትዮጵያ የኦርጋኒክ ሕግ ካወጣች ቆይታለች። የኢትዮጵያ ኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488/1998 ይባላል። ያለ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ማምረትን፣ ይህንንም በማረጋገጫ ማስመስከርን ይመለከታል። በተግባር ማረጋገጫ ያገኘው በአብዛኛው ወደ ውጭ የሚላክ ምርት ነው፣ በተለይ ቡና። የውጭ ገዢ ወረቀቱን ስለሚጠይቅና ዋጋ ስለሚጨምርበት የማረጋገጫው ወጪ ይመለሳል። የሁለት ኪሎ ድንች ገዢ ወረቀት አይጠይቅም።

ሐሳቡ ግን ከውጭ የመጣ ብቻ አይደለም። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ትግራይ ውስጥ ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ ከገበሬዎች ጋር ያካሄዱት የኮምፖስት ሥራ በዓለም ደረጃ ተጠቅሷል። የአገራችን ሰዎች ገና ፋሽን ሳይሆን የሠሩት ነው።

ወረቀት በሌለበት ለሸማቹ የሚቀረው ሁለት ጥያቄ ነው። ከየት መጣ? ወሩስ የራሱ ወር ነው? አትክልት ያለ ጊዜው ሲበቅል በሽታና ተባይ ይበረታበታል፤ ገበሬው ደግሞ ምርቱን ላለማጣት ይረጫል። በጊዜው የበቀለው ሁሉ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። ጥርጣሬው ግን ይቀንሳል።

ገበያው

የከተማው የጅምላ ገበያ ለረጅም ዘመን ፒያሳ አትክልት ተራ ነበር። በኮሮና ምክንያት በ2012 ዓ.ም. ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ያን ክረምት ጭቃው ውስጥ ሽንኩርት የተሸከመ ሰው አይረሳውም። ለ2013 ጥምቀት ሜዳው መለቀቅ ስለነበረበት ገበያው ኃይሌ ጋርመንት ወደ ተሠራለት ቦታ ሄደ። ፒያሳን ለለመድነው ራቅ ይላል፣ ቢሆንም ጣሪያ አለው።

ከግል ነጋዴው ጎን ኢትፍሩት ነበር፣ የመንግሥት የአትክልትና ፍራፍሬ ንግድ ድርጅት። በደርግ ዘመን ተቋቁሞ በየሰፈሩ ሱቅ ከፍቶ፣ የአዋሽ ሸለቆ እርሻዎችን ብርቱካን በቁርጥ ዋጋ ይሸጥ ነበር። አባቴ እዚያ ሚዛን ላይ ሠርቷል። ስለዚህ «የኢትፍሩት ሚዛን አይዋሽም» ስል ቀነስ አድርጋችሁ ስሙኝ። ግን አይዋሽም ነበር። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ የኢትዮጵያ ንግድ ሥራዎች ኮርፖሬሽን አካል ሆኗል።

አሁን ደግሞ የእሁድ ገበያ አለ። አምራቹ ወይም ማኅበሩ ራሱ የሚሸጥበት ድንኳን ካጋጠማችሁ «ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው እዚያ ነው።

ሽንኩርት

የአዲስ አበባ ቀይ ሽንኩርት በብዛት የሚመጣው ከስምጥ ሸለቆና ከአዋሽ ነው፤ መቂ፣ ባቱ፣ መልካሳ፣ መርቲ። ከሰሜን በኩል ከጣና ዳር የፎገራ ሽንኩርት ይጨመራል። ሁሉም በአብዛኛው በመስኖ ነው የሚለማው። ክረምቱ ሲወጣ ችግኙ ይፈላል፣ ይዛወራል፣ ምርቱ ከጥር እስከ መጋቢት ይጎርፋል። ሁለተኛው ዙር ግንቦትና ሰኔ ላይ ይደርሳል። ከዚያ ጉድለቱ ይጀምራል።

ሽንኩርት ዝናብ አይወድም። በክረምት የበቀለው ቅጠሉ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ የሚያወጣ የፈንገስ በሽታ ይይዘዋል፣ አንገቱ ሳይደርቅ ይነቀላል፣ ጆንያ ውስጥ ይበሰብሳል። የተሟላ መጋዘንም የለንም። ለዚህ ነው ከሐምሌ እስከ ኅዳር ዋጋው ሽቅብ የሚሄደው። በ2015 መጨረሻና በ2016 መጀመሪያ ኪሎው አዲስ አበባ ላይ ከ100 ብር አልፎ ነበር። ያኔ ሁሉም ሰው ደላላውን ረገመ። ደላላው ንጹሕ ነው አልልም። ግን ወሩም ተባባሪ ነበር። የነዳጅ ዋጋና የመንገድ ፀጥታም እንዲሁ።

ለኦርጋኒክ ፈላጊ ይህ ምን ማለት ነው? የክረምት ሽንኩርት የሚተርፈው የፈንገስ መድኃኒት እየተረጨ ነው። የበጋው ይህ ይቀንስለታል። በምትኩ ትሪፕስ የምትባል ጥቃቅን ነፍሳት በደረቅና በሞቃት ጊዜ ትፈላለች፣ ለእሷም ይረጫል። ከሁለቱ የጥርና የየካቲቱን እመርጣለሁ። ቅርፊቱ የደረቀና አንገቱ የጠበበ ከሆነ ጨለማና አየር ባለው ቦታ ቆየት ይላል። ለፋሲካ ዶሮ የሚሆነውንም የዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ መግዛት ነው። የበዓሉ ሳምንት ገበያ ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም።

የሐበሻ ሽንኩርት፣ ያቺ ትንሿና ብዙ ፍሬ የምታወጣው፣ ገበያ ላይ እየጠፋች ነው። ለመላጥ ታስለቅሳለች። ለወጥ ግን አቻ የላትም።

ነጭ ሽንኩርት የደጋ ነው። በሰኔ አካባቢ በዝናብ ይተከላል፣ ከጥቅምት ጀምሮ አዲሱ ይወጣል።

ቲማቲም

ቲማቲም የሚያናድድ ሰብል ነው። አንድ ሳምንት ሳጥኑ ይረክሳል፣ መንገድ ዳር ይደፋል፤ ከወር በኋላ በፍሬ ተቆጥሮ ይሸጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው። አይቆይም፣ ዋጋው ሲወደድ ሁሉም ገበሬ በአንዴ ይተክለዋል፣ በሦስት ወር ሁሉም በአንዴ ይደርሳል።

ትልቁ ምንጭ መቂና ባቱ ነው። የበጋው ምርት ከኅዳር እስከ ግንቦት በማዕበል ይመጣል። ዝናብ ሲገባ ቅጠሉን የሚያጠቁረው ሌት ብላይት ይመጣና ማሳ በቀናት ያቃጥላል። በክረምት ቲማቲም ላይ ርጭት ሳያቋርጡ የሚያመርቱ አሉ። ሳጥን ውስጥ ነጭ ብናኝ የያዘ ቲማቲም ያየ ሰው የምለው ይገባዋል።

በጋውም ቢሆን እንደ ድሮው አይደለም። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ቱታ አብሶሉታ የተባለች የእሳት ራት አገር ውስጥ ገባች። ትሏ ቅጠሉንና ፍሬውን እየቦረቦረች ትኖራለች። ውስጥ ስለምትደበቅ ርጭቱ በቀላሉ አያገኛትም፣ ገበሬውም ይደጋግማል። በባቱ ዙሪያ የተሠሩ ጥናቶች ገበሬዎች ፀረ ተባዮችን እንደሚቀላቅሉ፣ ጓንትና ጭምብል ሳይለብሱ እንደሚረጩ ዘግበዋል። ከረጩ በኋላ ስንት ቀን ቆይተው መልቀም እንዳለባቸው የሚነግራቸው ብዙ ጊዜ የመድኃኒቱ ሻጭ ነው።

የእኔ ደንብ ይህ ነው፦ ቲማቲም በጥር፣ በየካቲት፣ በመጋቢት። በሐምሌና በነሐሴ ወጡ ያለ ቲማቲም ይሠራል፣ ማንም አልሞተም። በደጉ ጊዜ ቀቅሎና ፈጭቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥም ይቻላል።

ድንችና ሌሎች

ድንች በ1850 ዓ.ም. ገደማ ሺምፐር በተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ እንደገባ በብዙ ጽሑፍ ይነበባል። የተረጋገጠ ሳይሆን አንዱ ከሌላው የተቀባበለው ይመስላል፣ ቢሆንም የተሻለ ታሪክ አላየሁም። ዋነኛው ችግሩ እዚህም ያው ሌት ብላይት ነው። የሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው ጃለኔና ጉደኔ የተባሉ የድንች ዝርያዎች የተመረጡት በሽታውን በመቋቋማቸው ነበር። የጃለኔ አቅም ከጊዜ ጋር ተዳክሟል። ሆለታ ለዚህ አገር ድንች የዋለው ውለታ ግን ተጽፎ አያልቅም። የክረምቱ ድንች ከመስከረም ጀምሮ፣ የበልጉ ሰኔ አካባቢ፣ በመካከሉ የመስኖው ይገባል።

ካሮትና ቀይ ሥር ዓመቱን ሙሉ አሉ። ጥቅል ጎመን በበጋ ትል ስለሚበዛበት የውጪውን ቅጠል በልግስና ጣሉት።

እሸት

ኦርጋኒክ የሚባለውን ነገር በቅርብ የሚመስል ካለ እሸት ነው። ሐምሌና ነሐሴ መንገዱ በበቆሎ ጥብስ ጭስ ይሞላል። መስከረምና ጥቅምት የባቄላና የአተር እሸት ከደጋው በእቅፍ ይመጣል። ኅዳር መጨረሻ፣ ታኅሣሥና ጥር የሽምብራ እሸት ከነእንጨቱ በየአደባባዩ ይሸጣል። ሽምብራ ክረምቱ ሊወጣ ሲል መረሬ መሬት ላይ ተዘርቶ በቀረው እርጥበት ነው የሚያድገው። መስኖ አይጠይቅም፣ ማዳበሪያም ብዙ አይሻም፤ እንደ ባቄላና አተር ናይትሮጅኑን ከአየር ይወስዳል። ትል ሲበዛ የሚረጭ ገበሬ አለ። ግን ከቲማቲም ጋር አይወዳደርም።

ፍራፍሬ

አቮካዶ ይቅደም። በአብዛኛው የጓሮ ዛፍ ነው፤ ከቡናና ከእንሰት ጋር ተጎራብቶ በሲዳማ፣ በወላይታ፣ በጌዴኦ፣ በጅማ ይበቅላል። የሚረጨው ሰው ብርቅ ነው። መጀመሪያ የተተከለው በ1930 ዓ.ም. ገደማ ሐረርጌ ሂርና እንደሆነ ተጽፏል። አንዱ አካባቢ ሲጨርስ ሌላው ስለሚተካ ከገበያ አይጠፋም። ጎጃም ውስጥ በቆጋ መስኖ የሚለማው ሃስ የተባለው ዓይነት ደግሞ ወደ አውሮፓ ይላካል። ቅርፊቱ ሸካራ ነው፣ ሲበስል ይጠቁራል፤ ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትመልሱት።

ማንጎ ከመጋቢት እስከ ሰኔ ነው፣ ከአርባ ምንጭና ከአሶሳ። ከ2002 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በምሥራቅ ወለጋ የታየ ነጭ ተባይ ምዕራቡን ማንጎ ጎድቶታል። ቅርፊቱ ላይ ሮዝ ነጥብ ካያችሁ እሱ ነው። መልኩን ያበላሻል እንጂ ለሰው አያሰጋም። እንዲያውም ነጥብ የሌለበትን ነው የምጠረጥረው።

ሙዝ ወቅት የለውም። ከአርባ ምንጭ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ አረንጓዴ ሆኖ ተጭኖ ይመጣል። ችግሩ ማሳው ሳይሆን ማብሰያ ክፍሉ ነው፤ በተዘጋ ቤት በነጭ ጋዝ ጭስ የሚያበስሉ አሉ። ቢጫ ሆኖ የጋዝ ሽታ ያለውን ተዉት። አረንጓዴውን ገዝቶ ቤት ማብሰል ይሻላል።

ብርቱካን ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። በአዋሽ ሸለቆ ያለውን የኑራ ኤራ እርሻ ብርቱካን የበላ ሰው ዛሬ የሚሸጠውን የውጭውን አይቶ ዝም ይላል። በለስ ክረምት ላይ ብቅ ትላለች፣ ሻጩ በቢላ ልጦ ያቀብላል፣ መስከረም ላይ ትጠፋለች። ማንም ተክሎ የማይረጫት ፍሬ ናት። ዘይቱን፣ ጊሽጣ፣ ፓፓያ፣ የጨንቻ ፖም ሁሉም አሉ።

ቅጠላ ቅጠል

ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ከሩቅ አይመጡም። ብዙው የሚበቅለው እዚሁ ከተማ ውስጥና ዳር፣ በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ነው። ገበሬው ማዳበሪያ ላይጠቀም ይችላል፣ «ኦርጋኒክ ነው» ቢል አይዋሽም። ወንዙ ግን የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ይወርድበታል። በዚህ ውኃ የበቀሉ ቅጠሎች ላይ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች እርሳስና ካድሚየምን የመሳሰሉ ከባድ ብረቶች አግኝተዋል። መጠኑ አደገኛ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ጥናቶቹ አይስማሙም፤ እንደ ቦታውና እንደ ቅጠሉ ይለያያል። በሆምጣጤ ማጠብ ጀርም ይቀንሳል። ብረቱ ግን ቅጠሉ ውስጥ ስለገባ አይወጣም። «ጎመን በጤና» ያሉት አባቶች ይህን ወንዝ አላዩትም።

ስለዚህ በበጋ ቅጠል ስገዛ ስለ ማዳበሪያ አልጠይቅም። «ውኃው ከየት ነው?» እላለሁ። የጉድጓድ ውኃ የሚል ካገኘሁ ደንበኛው እሆናለሁ። ከሐምሌ እስከ መስከረም ግን የሱሉልታና የሰንዳፋ ጎመን በዝናብ ብቻ አድጎ፣ ጤዛው ሳይደርቅ በእሥር ይመጣል። ያኔ አልጠይቅም፣ ሁለት እሥር እወስዳለሁ።