«የልጆች መዝሙር ነው እኮ!» ስለ ኳየር ሥራዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በልጅነት የምናውቀው ዜማ በትልቅ ኳየር ተቀናብሮ ሲቀርብ ደስ ይላል። ስለ እንዲህ ዓይነት ሥራዎች ግን ሰምቼ ዝም ማለት የሚከብደኝ አባባሎች አሉ።

«ዜማው ድሮም አለ፤ አቀናባሪው ምን ሠራ?»

ብዙ ሠራ። የልጆች ዜማ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ያልቃል። ከዚያስ? አቀናባሪው ሶፕራኖዎቹ (ከፍ ያሉት የሴት ድምፆች) የጀመሩትን አልቶዎቹ (ዝቅ ያሉት የሴት ድምፆች) ትንሽ ቆይተው እንዲከተሉት ያደርጋል፤ ካኖን የሚባለው ይህ ነው። ባሶቹ (ወፍራሞቹ የወንድ ድምፆች) አንዲት ቃል እየደጋገሙ እንደ ከበሮ ይይዙለታል። ፍጥነቱን ከቀነሰው የሩጫ ጨዋታው እሹሩሩ ይሆናል። በኦርኬስትራ ደግሞ ኦስትሪያዊው አቀናባሪ ማህለር አለ። እ.ኤ.አ. በ1889 ቡዳፔስት ላይ በተሰማው አንደኛ ሲምፎኒው «ፍሬር ዣክ» የተባለውን የፈረንሳይ የልጆች መዝሙር ወደ ማይነር (ሐዘን ወደሚሰማበት ቅኝት) አዙሮ የቀብር ጉዞ ሙዚቃ አደረገው። ያው የምናውቀው ዜማ ነው፣ ግን ሆድ ያባባል።

«ትዊንክል ትዊንክልን የደረሰው ሞዛርት ነው»

አይደለም። ዜማው የፈረንሳይ ነው። ሞዛርት በእሱ ላይ ለፒያኖ 12 ቫሪዬሽኖች (ዜማው እየተለዋወጠ የሚደጋገምባቸው ቅርጾች) ጻፈ። የእንግሊዝኛው ግጥም የጄን ቴይለር ነው፤ የታተመውም በ1806 ነው።

«ሪንግ ኤ ሪንግ ኦ ሮዝስ ስለ ወረርሽኝ የተገጠመ ነው»

ይህ የእንግሊዝኛ የልጆች ጨዋታ መዝሙር ነው። ታላቁ የለንደን ወረርሽኝ የነበረው በ1665 ነው። ግጥሙን በእንግሊዝ በመጽሐፍ ታትሞ የምናገኘው ግን በ1881 ነው። የወረርሽኙ ትርጓሜ በሰፊው የተወራው ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው፤ የፎክሎር አጥኚዎችም አይቀበሉትም። አቀናባሪ ጨለም ያለ ስሜት ቢሰጠው መብቱ ነው። በኮንሰርቱ ወረቀት ላይ እንደ ታሪክ መጻፍ ግን ልክ አይደለም።

«ለመዘመር ቀላል ነው»

በጣም የምከራከረው እዚህ ላይ ነው። ሃንጋሪያዊው አቀናባሪ ዞልታን ኮዳይ በ1925 በሕዝብ ዜማዎች ላይ ተመሥርቶ ለልጆች ኳየር የጻፋቸውን ሥራዎች የሞከረ ሰው «ቀላል» አይልም። ቀላል ዜማ መደበቂያ የለውም። ውስብስብ ሥራ ላይ አንድ ሰው ቢስት ላይታወቅ ይችላል። ሁሉም በሚያውቀው ዜማ ላይ ግን ትንሽ ዝቅ ካልክ ወዲያው ይሰማል። ያለ መሣሪያ ሲዘመርማ ኳየሩ ሳይታወቀው ድምፁ እየወረደ ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ ፒያኖ ሲነካ ሁሉም ይደነግጣል። ግጥሙም ፈጣን ነው፣ ቃላቱ አጫጭር ናቸው። አርባ ሰው በቃሉ መጨረሻ ላይ ያለችውን አንዲት «ት» እኩል ካልዘጋት፣ እንደ ካፊያ ትንጠባጠባለች። ለዚያች አንዲት ፊደል ብቻ ግማሽ ልምምድ ሲያልቅ አይቻለሁ።