በጨለማ ውሃ የሚኖሩ ዓይን የለሽ ክሩስታሲያኖች

አዲስ አበባ መሃል የሚኖር ሰው የከርሰ ምድር ውሃ ትዝ የሚለው ብዙ ጊዜ ቧንቧው ሲደርቅ ነው። ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ፓምፕ ይገባል፣ ሮቶው ይሞላል። ያ ውሃ ግን የፍጥረታት መኖሪያም ነው። በዓለም ዙሪያ በዋሻ ወንዞች፣ በምንጮችና በጠጠር መሃል በሚሰርግ ውሃ ውስጥ ብርሃን አይተው የማያውቁ እንስሳት አሉ። ከእነሱ መካከል ትልቁን ቦታ የያዙት ክሩስታሲያኖች ናቸው። የሸርጣንና የሽሪምፕ ዘመዶች ማለት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር፣ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ዓይነታቸው ብዙ ነው። ትልልቅ መቆንጠጫ ያላቸው ክሬይፊሾች አሉ። ሰውነታቸው ብርሃን የሚያሳልፍ ሽሪምፖች አሉ። በጣም ከሚበዙት መካከል ደግሞ አምፊፖዶችና አይሶፖዶች አሉ። አምፊፖድ ከግራና ከቀኝ የተጨፈለቀ፣ ጀርባው የጎበጠ ነው። አይሶፖድ ደግሞ ከላይ ወደ ታች የተጠፈጠፈ ነው። አብዛኞቹ ከጥቂት ሚሊ ሜትር እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር ቢሆኑ ነው። ኒፋርገስ የሚባለው የአምፊፖድ ወገን ብቻውን ከ400 በላይ ዝርያዎች አሉት። ብዙዎቹ ዝርያዎች የሚገኙት በአንድ ዋሻ ወይም በጥቂት ምንጮች ዙሪያ ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ምንጭ ሲበላሽ አንድ ዝርያ ከነዘሩ ሊጠፋ ይችላል።

የዋሻ ክሬይፊሽን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ዓይን የሚሸከመውን ዘንግ ያገኘዋል። ዘንጉ አለ፣ የሚያይ ዓይን ግን የለውም። የድሮ ቅድመ አያቶቹ ብርሃን ውስጥ ይኖሩ እንደነበር ይህ ያሳያል። ዓይኑ ለምን ጠፋ ለሚለው ጥያቄ ሁለት ማብራሪያዎች ይሰጣሉ። አንደኛው፣ ዓይንና ዓይንን የሚያዘው የአንጎል ክፍል ብዙ ጉልበት ይበላሉ፤ ምግብ በሚቸግርበት ጨለማ ውስጥ ይህን ወጪ የቀነሰ ይተርፋል። ሁለተኛው፣ ዓይንን የሚያበላሽ የዘር ለውጥ ጨለማ ውስጥ ማንንም ስለማይጎዳ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ሁለቱም አብረው ሊሠሩ ይችላሉ።

ለዚህ ጥናት በጣም ከጠቀሙት አንዱ በስሎቬኒያ ፖስቶይና አካባቢ ያለው አሴሉስ አኳቲከስ የተባለ አይሶፖድ ነው። ላይ በወንዙ የሚኖረው ጠቆር ያለና ዓይናማ ነው። ዋሻ የገባው ወገኑ ነጭና ዓይን የለሽ ነው። ሁለቱ ግን አሁንም ይዋለዳሉ። ስለዚህ ተመራማሪዎች አዳቅለዋቸው ቀለምንና ዓይንን ያጠፉት የዘር ለውጦች የት እንዳሉ መፈለግ ችለዋል።

ዓይን ሲጠፋ ሌላው ስሜት ይበረታል። አንቴናቸው ይረዝማል፣ እግራቸው ይቀጥናል፣ በመዳሰስና በማሽተት ይመራሉ። ምግባቸው ጎርፍ የሚያስገባው ቅጠል፣ የሌሊት ወፍ ኩስና በእነዚህ ላይ የሚያድግ ባክቴሪያ ነው። ጥቂት ቦታዎች ላይ ደግሞ፣ ለምሳሌ በ1986 በተገኘው የሮማኒያ ሞቪሌ ዋሻ፣ ባክቴሪያዎች ከድኝ ውህዶች ጉልበት እያወጡ ለሌላው ሁሉ ምግብ ይሆናሉ። ፀሐይ የለችበትም።

ምግቡ ትንሽ ስለሆነ ኑሮው ዝግ ያለ ነው። ቀስ ብለው ያድጋሉ፣ ጥቂት ግን ተለቅ ያሉ እንቁላሎች ይጥላሉ። አንድ የአሜሪካ የዋሻ ክሬይፊሽ ከ100 ዓመት በላይ ይኖራል ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይነገር ነበር። በ2012 የታተመ ጥናት ዕድሜውን ወደ 22 ዓመት ገደማ አውርዶታል። ለክሬይፊሽ ይኼም ቢሆን ረጅም ዕድሜ ነው። እንዲህ ያለ እንስሳ አንዴ ከተመናመነ ቶሎ አይተካም።

ለከተማ ሰው ከሁሉም የሚቀርበው የአሜሪካዋ የኬንታኪ ግዛት ታሪክ ይመስለኛል። እዚያ ርዝመቱ ከ680 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው የማሞዝ ዋሻ አለ። ዓይን የለሽ ክሬይፊሹ ለሳይንስ የተመዘገበው በ1844 ነው። የኬንታኪ ዋሻ ሽሪምፕ የሚባለው ደግሞ በ1983 ሊጠፉ ከተቃረቡት እንስሳት ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ሆርስ ኬቭ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ሂደን ሪቨር የተባለው ዋሻ አፉን የከፈተው መሃል ከተማዋ ላይ፣ በዋናው መንገድ ዳር ነው። በዋሻው ውስጥ ወንዝ ያልፋል። የከተማዋ ሰዎች በመጀመሪያ የሚጠጡት ውሃ ከዚያው ይቀዳ ነበር። ከዚያ ፍሳሹ መጣ። የሽንት ቤቱ፣ የወተት ማቀነባበሪያው፣ የብረት ቅብ ፋብሪካው ሁሉ ቆሻሻ ወደ መሬት ገባ። መሬቱ የኖራ ድንጋይ ነው። የኖራ ድንጋይ ውስጥ ያለው ውሃ የሚሄደው በሰፋፊ ቦዮች ስለሆነ፣ አሸዋ ውስጥ እንደሚሰርገው ውሃ አይጣራም። የተደፋው ሁሉ እንዳለ ዋሻው ወንዝ ውስጥ ይደርሳል። ሽታው ከተማዋን አስቸገረ። ዋሻው በ1943 ለጎብኚ ተዘጋ። ዓሣውም ክሬይፊሹም ከወንዙ ጠፉ።

ቀጥሎ የሆነው ልብ ይሞላል። በ1989 ለአካባቢው ከተሞች የጋራ የፍሳሽ ማጣሪያ ተሠራ። ፍሳሹ ሲቆም ውሃው በየጊዜው በዝናብ እየታጠበ ጠራ። ከላይ በኩል ባሉት ንጹሕ ገባሮች ተሸሽገው የተረፉት ዓይን የለሽ ዓሦችና ክሬይፊሾች ወደ ዋሻው ተመለሱ። ዋሻውም እንደገና ለጎብኚዎች ተከፈተ። እንስሳቱን ማንም አላረባቸውም። ከላይ የሚወርደው ፍሳሽ መቆሙ ብቻ በቃ። ቀበናን ወይም ባንተይቀጡን በድልድይ ላይ ሆኖ የሚያይ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ታሪክ ቢያውቀው ደስ ይለኛል።

ደግሞም ለእነዚህ እንስሳት የግድ ትልቅ ዋሻ አያስፈልግም። የዋሽንግተን ከተማ ምስክር ናት። ሄይስ ስፕሪንግ አምፊፖድ የሚባለው ወደ 1 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ነጭና ዓይን የለሽ ፍጥረት የተገኘው በአገሪቱ ዋና ከተማ፣ በብሔራዊ የእንስሳት ማቆያው ግቢ ውስጥ ካለች ትንሽ ምንጭ ነው። ለሳይንስ የተመዘገበው በ1940 ነው። በ1982 የፌዴራል ጥበቃ አገኘ።

ሙቅ ውሃም አይከለክላቸውም። በቱኒዝያ ኤል ሐማ፣ ሮማውያን በሠሩት የፍልውሃ መታጠቢያ ውስጥ፣ ቴርሞስቤና ሚራቢሊስ የተባለ ወደ 3 ሚሊ ሜትር የሚሆን ዓይን የለሽ ክሩስታሲያን ይኖራል። ውሃው ከ45 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይሞቃል። ሴቷ እንቁላሎቿን ጀርባዋ ላይ ባለ ከረጢት ታቅፋለች። ይህን እንስሳ በ1924 ያስተዋወቀው ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ቴዎዶር ሞኖ ነው።

እዚህ ላይ የእኛው ፍልውሃ ይነሳል። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው የሠፈሩት በዚያ ሙቅ ውሃ አጠገብ ነው። አዲስ አበባ የበቀለችው ከምንጭ ዳር ነው ማለት ይቻላል። ውሃው የሚወጣው መሃል ከተማውን በሚያቋርጥ የመሬት ስንጥቅ በኩል ከጥልቅ ነው። የከተማዋ መሬት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እንጂ የኖራ ድንጋይ አይደለም። ስለዚህ እንደ ባሌው ሶፍ ዑመር፣ የወይብ ወንዝ እንደሚያልፍበትና 15 ኪሎ ሜትር እንደሚደርሰው ዋሻ ያለ ነገር አራት ኪሎ ሥር አይጠበቅም። የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ግን ባዶ ነው ማለት አይደለም። በካናሪ ደሴቶች ላንሳሮቴ ላይ፣ የቀለጠ ድንጋይ ፈስሶ በተወው ቱቦ ውስጥ፣ ነጭና ዓይን የለሽ ትንሽ ሸርጣን መሰል ፍጥረት ይኖራል። እዚያ ውሃው ጨዋማ ነው። ጎብኚዎች ለዕድል ብለው ሳንቲም እንዳይጥሉ ይከለከላሉ፤ የሚዝገው ብረት ውሃውን ስለሚመርዝ።

ኢትዮጵያም ከዝርዝሩ ውጭ አይደለችም። በ1972 ስኮቶቤና ሞርቶኒ የተባለ ዓይን የለሽ የዋሻ አይሶፖድ ከኢትዮጵያ ተመዝግቧል። ከገለጹት ሁለት ሳይንቲስቶች አንዱ ያው የቱኒዝያውን እንስሳ ያስተዋወቀው ሞኖ ነው። ስቴናሴሉስ የተባሉ የሌላ ወገን አይሶፖዶች ደግሞ በሶማሊያ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ይኖራሉ።

ፍለጋው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ምንጭ ከሆነ፣ ቀዳዳው በጣም ደቃቅ የሆነ የጨርቅ መረብ ውሃው በሚወጣበት አፍ ላይ ይታሰርና ለሰዓታት ወይም ለአንድ ሌሊት ይተዋል። ወንዝ ዳር ከሆነ፣ ጠጠሩ ላይ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ከሥር የሚሰርገው ውሃ እስኪጠራቀም ይጠበቃል፣ በመረቡም ይጣራል። ለዚህ ከእንጦጦ ግርጌ ያሉት፣ ከተማ ሳይነካቸው የሚወርዱት የቀበና ገባሮች መሃል ከተማ ካሉት ይሻላሉ። ከሚገኘው ጥቂት ብቻ ይወሰዳል፣ የቀረው ወዲያው ወደ ውሃው ይመለሳል። የተወሰደው በአልኮል ይቀመጣል፣ ቦታውና ቀኑ ይጻፍበታል። አራት ኪሎ ባለው የዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ግቢ የእንስሳት ሙዚየም አለ፤ የሥነ ሕይወት መምህራንም እዚያው ናቸው። ዝርያውን መለየት የእነሱ ሥራ ነው። የሚለዩትም በማይክሮስኮፕ የእግሮቹን እሾህ፣ የአንቴናውን አንጓና የአፉን ክፍሎች አንድ በአንድ እየቆጠሩ ነው።