ዲስክ ሎክ ምንድን ነው? «ሞተሬን አስሬው ነበር» ለምትሉ

«አስሬው ነው የገባሁት፤ እንዴት ይጠፋል?»

የሞተር ፍሬን ሠራተኛ ነኝ፤ ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁ አልቆጠርኩም። የሚናገረው ሰው ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። ፊቱ አመድ መስሏል። በእጁ የዲስክ ሎክ ቁልፍ ይዟል። ሞተሩ የለም። ሎኩም የለም። አብረው ነው የሄዱት።

ሰሞኑን ደግሞ አንድ ሰው በቪዲዮ ሲያብራራ አየሁት። «ዲስክ ሎክ ማለት ፍሬኑን የሚቆልፍ ነገር ነው። ፍሬን ከተያዘ ሞተሩ መሬት ላይ ተተከለ ማለት ነው» ይላል። ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ሁለት ስህተት። ዝም ብዬ ላልፈው ነበር። በማግስቱ አንድ ደንበኛዬ ይህንኑ ቃል በቃል ደገመልኝ። በዚህ ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ።

ዲስክ ሎክ ፍሬን አይቆልፍም። የፍሬኑ ሸራ ዲስኩን አይጨብጥም። የፍሬን ዘይቱ አይገፋም። ከጎማው ጋር በሚዞረው ክብ የፍሬን ብረት፣ በዲስኩ ላይ ቀዳዳዎች አሉ አይደል? ሎኩ በአንዱ ቀዳዳ ውስጥ ወፍራም ፒን ያሳልፋል፤ በቃ። ጎማው ሲዞር ሎኩም አብሮት ይዞራል። ካሊፐሩን (ሸራውን የያዘውን ክፍል) ወይም የፊት ሹካውን ሲገጭ ያኔ ጎማው ይቆማል።

«ሲገጭ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። እስኪገጭ ድረስ ጎማው ነፃ ነው። «ተተከለ» የሚለው ሰውዬ ያልገባው ይህ ነው።

ገጠር ያደገ ሰው ቶሎ ይገባዋል። በቅሎ መስክ ላይ ስትለቀቅ ሁለት ዓይነት ማሰር አለ። አንደኛው የፊት እግሮቿን እርስ በርስ በጠፍር ማሰር ነው። ትግጣለች፣ እየዘለለች ፈቀቅ ትላለች፣ ግን ሩቅ አትሄድም። ሁለተኛው መሬት ውስጥ ችካል ተክሎ በገመድ ከችካሉ ጋር ማሰር ነው። ዲስክ ሎክ ጠፍር ነው። የሞተሩን እግር ከራሱ ከሞተሩ ጋር ነው ያሰራችሁት። ከመሬት ጋር፣ ከምሰሶ ጋር፣ ከማንም ጋር አላሰራችሁትም።

ምሳሌው እዚህ ላይ ትንሽ ያነክሳል። በቅሎን አንስቶ የሚሸከም ሌባ የለም። ሞተር ግን ይነሳል። እኛ አገር የሚነዱት አብዛኞቹ ሞተሮች ከ100 እስከ 150 ኪሎ ቢሆኑ ነው። ሁለት ጠንካራ ጎረምሳና አንድ ፒክአፕ ይበቃል። ሎኩ ዲስኩ ላይ እንዳለ፣ ምንም ሳይሰበር፣ ሞተሩ ተጭኖ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ጓሮ ውስጥ በሰላም ይቆርጡታል። በባትሪ የሚሠራ ግራይንደር እንደ ልብ በሚገኝበት ዘመን ጊዜ ያለው ሰው የማይቆርጠው ብረት የለም።

ስለዚህ ለሊት፣ ለረጅም ሰዓት፣ ሰው ለማያይበት ቦታ ችካል ያስፈልጋል። ወፍራም ሰንሰለት፣ በሻንሲው ወይም በኋላው ቸርኬ ውስጥ ያለፈ፣ ከማይነቀል ብረት ጋር የታሰረ። «ከማይነቀል» ያልኩት በምክንያት ነው። ሰንሰለቱን ወደ ላይ ተጎትቶ በሚወጣ አጭር የመንገድ ዳር ብረት ላይ የሚጠመጥም ሰው አይቻለሁ።

ታዲያ ዲስክ ሎክ ምን ዋጋ አለው ትሉኝ ይሆናል። አለው እንጂ! ሽቦ አገናኝቶ አስነስቶ የሚነዳውን ያስቆማል። ገፍቶ ወደ ጥግ የሚወስደውን ያስቆማል። አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ጀምሮ ሞተር ያለ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ ከተከለከለ ወዲህ፣ እኔ ጋ ከሚመጡት ብዙዎቹ ዕቃ የሚያደርሱ ልጆች ናቸው። በቀን 20 ጊዜ ይቆማሉ። በቀን 20 ጊዜ ሰንሰለት አውጥቶ መጠምጠም? እውነት እንነጋገር ከተባለ ማንም አያደርገውም። ዲስክ ሎክ ኪስ የምታህል ነገር ናት፣ በአምስት ሰከንድ ትገባለች። አምስተኛ ፎቅ ደርሶ ለመመለስ ጠፍር ይበቃል።

(ኪስ ታህላለች አልኩ እንጂ እየነዳችሁ ኪስ ውስጥ አትክተቷት። ስትወድቁ ያ ብረት ከዳሌያችሁ ወይም ከጎድናችሁ ጋር ነው የሚገናኘው። ሳጥን ውስጥ ትግባ።)

ጠፍር ላልቶ ከታሰረ በቅሎዋ ትዘላለች። እዚህም እንደዚያው ነው። ሎኩን ከካሊፐሩ ርቆ ያለ ቀዳዳ ውስጥ ካስገባችሁት፣ ጎማው ሙሉ ዙር ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ይሽከረከራል። በ17 ኢንች ቸርኬ አንድ ዙር 1 ሜትር ከ80 ገደማ ነው። ሞተሩ ተገፍቶ ፍጥነት ከያዘ በኋላ ድንገት ይገጫል፤ ይወድቃል። ስለዚህ ወደ ፊት ሲገፋ ወዲያው ካሊፐሩን የሚነካበትን ቀዳዳ ምረጡ። ጣት የምታህል ክፍተት ካለች ይበቃል። ከዚያ ሞተሩን በእጃችሁ ገፋ አድርጋችሁ ሞክሩት። አንዳንዱ ሎክ ቀጭን ስለሆነ ካሊፐሩ አጠገብ ምንም ሳይነካ ሾልኮ ያልፋል። አይቻለሁ። ባለቤቱ አንድ ዓመት ሙሉ ጌጥ ይዞ ነው የዞረው።

ልትገዙ ስትሄዱ ደግሞ መጀመሪያ ቀዳዳውን ለኩ። ፒኑ 5 ወይም 6 ሚሊሜትር የሆነ አለ፣ 10 አለ፣ 14 እና 16 አለ። የወፈረው ይሻላል፤ ከገባ። የትናንሽ ሞተሮች ዲስክ ቀዳዳው ጠባብ ነው። እና ይህን መጻፍ ነበረብኝ ብዬ አላስብም ነበር፣ ግን ዲስክ ሎክ ዲስክ ይፈልጋል። በየከተማው የሚታየው ባጃጅ ቦክሰር (ሦስት እግሩን አይደለም፣ ሁለት እግሩን ነው የምለው) በአብዛኛው ከፊትም ከኋላም የከበሮ ፍሬን ነው። ዲስክ የለውም። ውድ ሎክ ገዝቶ «ግጠምልኝ» ያለኝ ሰው አለ። የት ልግጠምለት?

ቁልፉንም እዩት። ክብ፣ ቱቦ የመሰለ ቁልፍ ያለው ርካሽ ሎክ አልወድም። እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ ስመ ጥር የነበሩ የብስክሌት ቁልፎች በተራ የእስክሪብቶ ቀፎ ሲከፈቱ ዓለም አይቷል፤ ኩባንያው ለደንበኞቹ ቀየረላቸው። እነዚያ ባለ ክብ ቁልፍ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የተሻሻሉ አሉ። ገበያችን ላይ በርካሽ የምታገኙት ግን የትኛው እንደሆነ ከውጭ አይታወቅም።

አሁን ወደ መርሳት። «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉት በራሷ አሳጠረች» ይባል የለ? ሎኩን ሳያወጣ ሞተሩን አስነስቶ ፍሪሲዮን የሚለቅ ሰው ነገር እንዲሁ ነው። ጠፍሩ ሳይፈታ በቅሎ ላይ ወጥቶ እንደመኮልኮል። ብዙ ጊዜ ፍጥነት ስለሌለ ሰውዬው ብዙም አይጎዳም፤ ሰው ፊት መውደቁ ነው የሚያመው። ካሊፐሩ ግን ተገጭቷል። እዚህ ላይ የፍሬን ሠራተኛነቴ ዝም አያሰኘኝም። እንደዚያ ከሆነባችሁ «ምንም አልሆነም» ብላችሁ አትሂዱ። የካሊፐሩን መያዣ፣ የፍሬን ዘይት ቱቦውን፣ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚያደርገው) ካለው የሴንሰሩን ቀለበት እዩ። የፊት ጎማውን አንስታችሁ አሽከርክሩ። ዲስኩ ትንሽ እንኳ ከተጣመመ ፍሬን ስትይዙ እጀታው ይመታችኋል። ያን ዲስክ በመዶሻ አቃናልሃለሁ የሚል ካገኛችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።

የመርሳት መድኃኒቱ ያ ከሎኩ ጋር የሚመጣው፣ እንደ ሞላ የተጠቀለለ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ገመድ ነው። አንዱ ጫፍ ሎኩ ላይ፣ ሌላው የነዳጅ መስጫው እጀታ ላይ። ብዙ ሰው ከነማሸጊያው ይጥለዋል። አትጣሉት።

ጥገናው ላይ የሚያናድደኝ ደግሞ ሌላ ነው። ጠፍር ሲደርቅ ቅቤ ይቀባል። ሰዉ ሎኩም እንደዚያ መስሎታል። ቁልፉ ጠጠር ሲል ሎኩ ዲስኩ ላይ እንደተንጠለጠለ ዘይት ይረጭበታል። ዘይቱ የት ይሄዳል? ዲስኩ ላይ። ከዲስኩ ወደ ሸራው። ዘይት የጠጣ ሸራ አይይዝም። በአሸዋ ወረቀት ፈግፍጎ መመለስም የማይታመን ሥራ ነው፤ ብዙ ጊዜ መቀየር ነው። ሞተራችሁን ከሌባ ልታድኑ ብላችሁ ራሳችሁን ከፍሬን አራቃችሁ ማለት ነው። ሎኩን አውጡት። ከሞተሩ አርቃችሁ፣ ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ ቀቡት። ጠርጉት። ከዚያ መልሱት። ዲስኩ ከተነካ በንጹሕ ጨርቅና በአልኮል አጽዱ።

ምን ይቀባል? የሞተር ዘይትና ግሪስ አይሆንም። የኛን አቧራ ሰብስቦ ጭቃ ይሠራል። ቀጭን የቁልፍ ዘይት፣ ወይም የግራፋይት ዱቄት። የእርሳስ ዱቄትም በችግር ጊዜ ይሠራል። አንዱን ምረጡ፤ ዱቄትና ዘይት ከተቀላቀሉ ሊጥ ይሆናሉ። የቁልፍ ቀዳዳው ክዳን ካለው ዝጉት። ስታስገቡት ቀዳዳው ወደ ታች እንዲያይ አድርጉ፣ የክረምቱ ዝናብ እንዳይቋጠርበት። ላቫጆ ስትወስዱት ሎኩን ይዛችሁ ቁሙ። አላርም ያለው ከሆነ ባትሪው ሳይሞት ቀይሩ፤ ሞቶ የቆየ ባትሪ ያፈስና ውስጡን ይበላዋል። ሳይረንም ቢሆን ጩኸት እንጂ ችካል አይደለም።

መለዋወጫ ቁልፉ ቤት ይቀመጥ። ይህን የምለው በአንድ ደንበኛዬ ምክንያት ነው። መለዋወጫውን ወንበሩ ሥር ያስቀምጥ ነበር። አንድ ቀን የቁልፎቹን እስር በሙሉ ጣለ፤ የወንበሩም ቁልፍ አብሮ ጠፋ። ደወለልኝ። ከረዳቴ ጋር በፒክአፕ ሄድን። ጠራራ ፀሐይ፣ ሰው የሚበዛበት አደባባይ አጠገብ ነው። ሎኩ ዲስኩ ላይ እንዳለ ሞተሩን አንስተን ጫንነው። አንድ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ባለቤቱ ገና ታክሲ ውስጥ ነበር፣ አልደረሰም። ከቆመው ሰው መሃል አንዱ እንኳ ምን ታደርጋላችሁ አላለንም። እንዲያውም አንድ ልጅ የኋላውን ጎማ ያዘልን።