«መዋቅር ተቀየረ» ማለት ተባረርን ማለት ነው?

አዳማ ላይ ሥራ አስኪያጁ «መዋቅር ልንቀይር ነው» ሲል ሠራተኛው የሚሰማው «ልትባረሩ ነው» የሚለውን ነው። ሁለቱ ግን ይለያያሉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 «የሠራተኛ ቅነሳ» የሚባለው፣ ስንብቱ ከ10 ባላነሱ ተከታታይ ቀናት ውስጥ ቢያንስ 10 በመቶውን ሠራተኛ ሲነካ ነው። ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለበት ቤት ደግሞ ቢያንስ 5 ሰው። 40 ሰው ያለው ዱቄት ፋብሪካ አዲስ ማሸጊያ ማሽን አስገብቶ 6 ሰው ቢያሰናብት፣ ቅነሳ ነው። ታዲያ አለቃው ዘመዱን አስቀርቶ ሌላውን ማስወጣት አይችልም። ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከተወካዮች ጋር መመካከር ግድ ነው። የመቅረት ቅድሚያውም ችሎታና የተሻለ ምርታማነት ላለው ነው። ብዙ አለቃ ነገሩን እስከ መጨረሻዋ ቀን ይደብቃል። አጉል ብልጠት! ወሬው ቀድሞት ሻይ ቤት ገብቷል። ደግሞም የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ተቀናሽ ሠራተኛ የ2 ወር ማስጠንቀቂያ ሊሰጠው ይገባል።