ነጭ በወሎ

ወሎ ውስጥ አርብ ቀትር ላይ ወደ መስጊድ የሚሄድ ሰውና እሁድ ጠዋት ከቅዳሴ የሚመለስ ሰው ከሩቅ አይለዩም። ሁለቱም ነጭ ለብሰዋል። ቀረብ ሲሉ ነው አንዱ ጀለቢያና ኮፍያ፣ ሌላው ነጠላ ወይም ጋቢ መሆኑ የሚታየው። ቄሱም ሼኹም ነጭ ይጠመጥማሉ። ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ዘር ሐረግ በሚገኙበት አገር ይሄ ቀላል ነገር አይመስለኝም።

በመጀመሪያ ነጭ የበዓል ቀለም ነው። ለገና ላሊበላ የሄደ ሰው ያውቀዋል። ታኅሣሥ 29 ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ካለው ዓለት አፋፍ ላይ ቆመው «ቤዛ ኩሉ» ይላሉ። ከታች ያለው ምእመን ነጠላውን አጣፍቶ ይሰማል። ያ ሁሉ ነጭ ከቀላው ዓለት ጋር ሲታይ ልብ ይነካል። ነሐሴ 16 ደግሞ የልጃገረዶች ተራ ነው። ላስታ ላይ አሸንድዬ፣ ቆቦ ላይ ሶለል ይሉታል። ነጭ ቀሚሳቸው ላይ ለምለሙን ቅጠል አስረው እየዘፈኑ በየቤቱ ይዞራሉ። ለኢድ ሶላት ሜዳው የሚሞላውም በነጭ ነው። በዓል ሲመጣ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባለው ወዶ አይደለም።

ግን ያው ነጠላ ለሐዘንም ይለበሳል። ለውጡ አለባበሱ ላይ ነው። በደህና ቀን ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል። ለቅሶ ቤት የምትሄድ ሴት ግን ታዘቀዝቀዋለች፤ ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ አንገቷ ይዞራል። መንገድ ላይ ያገኛት ሰው ምንም ሳይጠይቅ ሰው እንደሞተባት ያውቃል። ለእኔ ከነጭ ትርጉሞች ሁሉ ጥልቁ ይሄ ነው። አንዲት ቃል ሳይወጣ ሐዘን ይነገራል።

የመጨረሻው ልብስም ነጭ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ ነጭ እንድንለብስ፣ ሙታንንም በነጭ እንድንከፍን መክረዋል። ለወንድ 3፣ ለሴት 5 ጨርቅ የተለመደ ነው። ሐጅ የሚያደርግ ወንድም ያልተሰፋ ሁለት ነጭ ጨርቅ ይለብሳል። ሀብታምና ድሃ እዚያ ላይ እኩል ነው። በ1977ቱ ረሃብ ኮረም ላይ፣ ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረች፣ ሰው የለበሳት ጋቢ እዚያው መገነዣው ሆናለች። ያንን ያየ ትውልድ ነጭን ሲያይ የሚሰማው ከልጆቹ ይለያል።

ደጋ ላይ፣ እነ ደላንታና መቄት ጋ፣ ነጭ ስጋትም ነው። ጠዋት ተነስቶ ማሳው ነጥቶ ያገኘ ገበሬ ውርጭ መታኝ ይላል። ባቄላው ከሄደ ዓመቱ ሄደ ማለት ነው።

ቋንቋውም ሁለቱንም ይዟል። ነጭ ጤፍ የክብር እንግዳ እንጀራ ነው። የነጣ ድሃ ግን ምንም የሌለው ነው። ነጭ ውሸት ማለትም ዓይን ያወጣ ውሸት ነው፤ ምንም አልለበሰም። ሽበት ግን ይከበራል። ሽማግሌ ሲገባ ይነሱለታል።

ደግሞ ነጭ በአቧራ አገር ልፋት ይጠይቃል። ዛሬ ሳሙና አለ። ድሮ ግን እናቶች እንዶድ ወቅጠው፣ በአረፋው አሽተው፣ ወንዝ ዳር ያጥቡት ነበር። ከዚያ ሳሩ ላይ ዘርግተው ፀሐይ ያስመቱታል። ለበዓል ሙሉ ቤተሰቡ ነጭ ለብሶ ሲወጣ፣ ከዋዜማው ጀምሮ ጎንበስ ብላ የዋለች አንዲት እናት እቤት አለች።