«ሚር» ምንድን ነው? የሩሲያ ገበሬ መሬቱን ለምን ደጋግሞ ይከፋፈል ነበር?

ሩሲያኛ ውስጥ «ሚር» የሚባል ቃል አለ። ሰላም ማለት ነው። ዓለም ማለትም ነው። ሦስተኛ ፍቺም ነበረው፦ የአንድ መንደር ገበሬዎች መሬት በጋራ የሚይዙበት፣ ግብርም በጋራ የሚከፍሉበት ማኅበር። የተማሩት ሰዎች ይህንኑ ማኅበር «ኦብሽቺና» ይሉታል። ገበሬው ግን ሚር ነበር የሚለው።

እስከ 1918 ድረስ «ሰላም» የሚለው ሚርና «ዓለም» የሚለው ሚር ሲጻፉ በአንድ ፊደል ይለያዩ ነበር። ሲነገሩ ግን ያው ናቸው። ቦልሼቪኮች የፊደል ማሻሻያ ሲያደርጉ ልዩነቱ ጠፋ። በ«ሠረቀ» እና በ«ሰረቀ» ስንጨቃጨቅ ለምንውል ለእኛ ይሄ ብዙም አይገርምም። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የኛን ስጠቅስ እናገራለሁ።)

ሚር እንዴት ይሠራ ነበር? ቤቱና ጓሮው የአባወራው ነው። የሚታረሰው መሬት ግን የማንም አይደለም፤ የማኅበሩ ነው። አባወራዎቹ ይሰበሰባሉ። ጭቃ ሹም የሚመስል አለቃ ይመርጣሉ። መሬቱን በዓይነቱ ይለዩታል፦ ለሙ፣ መካከለኛው፣ ጭንጫው፣ ረግረጉ። ከዚያ እያንዳንዱን በቀጫጭን ትልም ይቆርጡና ዕጣ ይጥላሉ። አንድ ቤተሰብ ከለሙም፣ ከጭንጫውም፣ ከሩቁም፣ ከቅርቡም ይደርሰዋል። ሃያ ሠላሳ ቦታ የተበታተነ ማሳ መያዝ ብርቅ አልነበረም። ስንት ትልም ይድረሰው የሚለው የሚወሰነው በቤቱ ወንዶች ቁጥር ወይም በበላተኛው ቁጥር ነው። አንዳንድ ቦታ ደግሞ በባልና ሚስት ጥንድ ይቆጠራል። ልጅ አገባ ማለት አዲስ ጥንድ ማለት ነው፤ ስለዚህ መሬት ይጨመርለታል። ሽማግሌው ሲሞት ይቀነሳል። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሁሉም እንደገና ይደባለቅና እንደ አዲስ ይከፋፈላል። ይሄ በየመንደሩ ይለያይ ነበር። ጨርሶ ያልተከፋፈሉም ነበሩ።

እስቲ እዚህ ላይ እንቁም። ይህን የሰማ ፈረንጅ ሁሉ ወዲያው «የሩሲያ ነፍስ»፣ «የጋራ መንፈስ» ማለት ይጀምራል። እኔ የሚታየኝ ግን የግብር መዝገብ ነው።

ታላቁ ጴጥሮስ የነፍስ ወከፍ ግብር የጣለው በ1724 ነው። ግብሩ በወንድ ራስ ይቆጠራል፤ ሕፃኑም ሽማግሌውም ይቆጠራሉ። አንዱ መክፈል ቢያቅተው ዕዳው በጎረቤቶቹ ላይ ይወድቃል። መንደሩ በሙሉ ዋስ ነው። የድሮውን አፈርሳታ የሚያስታውስ አንባቢ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ ሌባው ካልተገኘ ሰፈሩ በሙሉ ይከፍላል። እንዲህ ከሆነ ጎረቤትህ መሬት አልባ ቢሆን የምትጎዳው አንተ ነህ። መሬት ስጠው፣ ይረስ፣ ድርሻውን ይክፈል። ደጋግሞ መከፋፈል እየተስፋፋ የሄደው ከዚህ ግብር ጋር ነው።

አፈሩ ደካማ በሆነበት አካባቢ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ግብሩና ክፍያው ከምርቱ ይበልጣል። እዚያ መሬት ሸክም ነው። ስብሰባ ላይ ሰዎች የሚጣሉት «ጨምሩልኝ» ሳይሆን «ቀንሱልኝ» ብለው ነው።

የምዕራብ አውሮፓ ሐሳብ ወደዚህ መንደር የገባው ቀስ በቀስ ነው፤ አገባቡም በመጽሐፍ በኩል ነው። በ1765 በታላቋ ካትሪን ዘመን በሴንት ፒተርስበርግ «ነፃ የኢኮኖሚ ማኅበር» ተቋቋመ። በማግስቱ ዓመት ለመላው አውሮፓ የጽሑፍ ውድድር አወጣ። ጥያቄው፦ ገበሬ መሬት ቢኖረው ነው ወይስ ተንቀሳቃሽ ንብረት ብቻ ቢኖረው ለአገር የሚበጀው? ከ160 በላይ ጽሑፍ መጣ። አብዛኛው በጀርመንኛ ነበር። ሽልማቱን ከአኸን ከተማ የመጣ ጽሑፍ ወሰደ፤ ገበሬው ንብረት ይኑረው፣ ግን ቀስ ተብሎ፣ የሚል። በ1768 ታተመ። ገበሬው ከባላባቱ እጅ የወጣው ከዚያ 93 ዓመት ቆይቶ ነው። ቀስ መባሉ እውነትም ቀስ ነበር።

ከዚያ የስኮትላንዱ የኢኮኖሚ ሊቅ አዳም ስሚዝ ፋሽን ሆነ። እኛ «የኛው ደም» እያልን የምንኮራበት ፑሽኪን በዚህ ቀልዷል። በግጥም ልቦለዱ ውስጥ ኦኔጊን የተባለው ወጣት መኳንንት አዳም ስሚዝን ያነባል፤ መንግሥት እንዴት እንደሚበለጽግ ያብራራል። አባቱ ግን አልገባውም፤ መሬቱን በዕዳ ያስይዛል። በኋላ ኦኔጊን ርስት ሲወርስ ገበሬዎቹን ከሁዳድ ሥራ ነፃ አውጥቶ ቀለል ያለ የገንዘብ ክፍያ ይጥልባቸዋል። ጎረቤቱ ባላባት ያኮርፋል። የዘመኑ የኢኮኖሚ ማሻሻያ በአብዛኛው ይህን ይመስል ነበር። ጌታው ያነባል፣ ጌታው ይወስናል።

ሚርን ዓለም ያወቀው በ1840ዎቹ ነው፤ ያሳወቀውም ጀርመናዊ ነው። የፕሩሲያው ባሮን አውጉስት ፎን ሃክስትሃውዘን በ1843 በዛሩ መንግሥት ድጋፍ ሩሲያን ዞረ። ሰውዬው ወግ አጥባቂ ነው። የሚያስፈራው የምዕራብ አውሮፓ ከተማ ነው፤ መሬት የለሽ ድሃ የሞላበት፣ ነገ ማመፁ የማይቀር። ሩሲያ ሲመጣ የተወለደ ሁሉ የመሬት ድርሻ የሚያገኝበት መንደር አየ። ደስ አለው። እዚህ ወዝአደር አይፈጠርም፣ አብዮትም አይመጣም አለ።

ያንኑ መንደር ሩሲያዊው ጸሐፊ አሌክሳንደር ኸርዘን ከስደት ሆኖ ሲያስበው ሶሻሊዝም ታየው። ሩሲያ የምዕራቡን ጣጣ ሳትቀምስ በአቋራጭ ልትደርስ ትችላለች አለ። አንዱ ዛሩን ማዳኛ፣ ሌላው ዛሩን መገልበጫ ያገኙት እዚያው ትልም ላይ ነው። ገበሬው ደግሞ ዕጣ እየጣለ ነበር።

አሁን ወደምወደው ታሪክ ልምጣ። የማርክስ «ካፒታል» መጀመሪያ የተተረጎመው ወደ ሩሲያኛ ነው፤ በ1872። ሳንሱሩ አሳለፈው፤ ጥቂት ሰው ነው የሚያነበው፣ ከዚያም ያነሰ ነው የሚገባው ብሎ። ተሳስቷል። ወጣቶቹ አብዮተኞች አነበቡት፤ ከዚያም ጨነቃቸው። መጽሐፉ በእንግሊዝ ገበሬው ከመሬቱ ተነቅሎ ወዝአደር እንደሆነ ይተርካል። ታዲያ ሩሲያም በዚህ ማለፍ አለባት? ሚር መጥፋቱ ግድ ነው?

በየካቲት 1881 ቬራ ዛሱሊች ከጄኔቭ ለማርክስ ደብዳቤ ጻፈች። ዛሱሊች ማለት በ1878 የፒተርስበርጉን ገዥ ትሬፖቭን በጥይት አቁስላ፣ ፍርድ ቤት ቀርባ በነፃ የተለቀቀች ሴት ናት። ጥያቄው ለእኛ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው አለችው። ማርክስ ከሃምሳ ዓመቱ በኋላ ሩሲያኛ ተምሮ የሩሲያን የእርሻ መረጃ ሲያገላብጥ የኖረ ሰው ነው። ረቂቅ ጻፈ፣ ሰረዘ፣ ሌላ ጻፈ። ረቂቆቹ ብዙ ገጽ ናቸው። በመጨረሻ የላከው ግን አጭር ናት። በ«ካፒታል» የተተረከው የግድ የሚሆነው በምዕራብ አውሮፓ ነው አለ። ሚር ለሩሲያ መታደስ መነሻ ሊሆን ይችላል፤ ግን መጀመሪያ ከየአቅጣጫው የሚያንቁት ነገሮች መነሳት አለባቸው።

ሐሳቡን ቀምሮ የሰጠው ሰውዬ «ይሄ የግድ ለእናንተ አይሠራም» እያለ፣ በስሙ የሚምሉት ሰዎች ግን ይሠራል ብለው ደረቁ። ረቂቆቹ የታተሙት በ1924 ነው። ሌኒን በሞተበት ዓመት መሆኑ ነው።

ወደ መሬቱ እንመለስ። በ1861 ሃያ ሁለት ሚሊዮን ገደማ የባላባት ገበሬ ነፃ ወጣ። ነፃ ማለት ግን በነፃ ማለት አይደለም። መንግሥት ለባላባቱ አብዛኛውን ካሳ ከፈለ፤ ገበሬው ለመንግሥት በ49 ዓመት፣ በዓመት 6 በመቶ እንዲመልስ ተደረገ። መሬቱም በግለሰብ ስም አልዞረም፤ ለሚር ነው የተሰጠው። ዕዳውም ለሚር። ስለዚህ ከተማ ሄዶ ፋብሪካ መሥራት የፈለገ ወጣት መታወቂያ ለማግኘት የመንደሩ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ኦዴሳ ተወልዶ ሃርቫርድ ያስተማረው የኢኮኖሚ ታሪክ አጥኚ አሌክሳንደር ገርሸንክሮን የሩሲያን ኢንዱስትሪ ወደኋላ የጎተተው አንዱ ይህ ገመድ ነው ሲል ኖሯል። በኋላ እንደ ፖል ግሪጎሪ ያሉ ሰዎች ቁጥሩን ቆጥረው የእርሻ ምርት ከሕዝቡ ቁጥር በላይ ሲያድግ እንደነበር አሳዩ። ገመዱ ያን ያህል አላነቀም ነበር ማለት ነው። ሰዎች ፈቃድ ያገኙም ነበር፤ ለመንደሩ ገንዘብ እስከላኩ ድረስ።

ስለተበታተነው ማሳስ? ገበሬው ግማሽ ቀኑን ከማሳ ማሳ ሲሄድ ያጠፋል የሚለው ትችት እውነት አለበት። ግን በረዶ አንዱን ጥግ ሲመታ ሌላው ይተርፋል። ዴርድሬ ማክሎስኪ የተባለች አሜሪካዊት የኢኮኖሚ ታሪክ አጥኚ ስለ ድሮው የእንግሊዝ ገበሬ የተከራከረችው ይህንኑ ነው፦ መበታተኑ መድን ነው። ታች ቆላው ላይም ከፍ ብሎ ደጋው ላይም ጥማድ ያለው የኛ ገበሬ ይህን ለማወቅ ፕሮፌሰር አላስፈለገውም።

በ1906 ጠቅላይ ሚኒስትር ስቶሊፒን ሚርን ለመበተን ተነሳ። ገበሬው ድርሻውን በስሙ ያዙር፣ ትልሙ አንድ ላይ ይሰብሰብ፣ ቢችል ቤቱንም ነቅሎ ማሳው ላይ ይሥራ። በዚህ ሥራ ውስጥ ዋና ከነበሩት አንዱ አንድሬይ ኮፎድ የሚባል የዴንማርክ ተወላጅ ነው። የምዕራቡ ሐሳብ ይኸው በሰው አምሳል መጣ። ከሁለት ሚሊዮን በላይ አባወራ ድርሻውን በስሙ አዞረ። ብዙው ግን አልወጣም። ከጎረቤት ተለይቶ ሜዳ ላይ ብቻህን፣ ከጉድጓዱ ርቀህ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ርቀህ መኖር ለሁሉም አይጥምም። በ1917 አብዮቱ ሲፈነዳ ገበሬዎች የባላባቱን መሬት ብቻ አይደለም የወሰዱት። ከሚር የወጡ ጎረቤቶቻቸውንም እየጎተቱ መለሱ።

ይሄ ሁሉ ሲሆን አንድ ሰው ሌላ ጥያቄ ይዞ ነበር። አሌክሳንደር ቻያኖቭ ይባላል፤ የእርሻ ኢኮኖሚስት ነው። የመጣበትን መንገድ ልብ በሉ። የአውራጃ ጽሕፈት ቤቶች ለአሥርት ዓመታት ቤት ለቤት እየዞሩ የሰበሰቡት መረጃ ነበር፦ ስንት ሰው፣ ስንት ላም፣ ስንት ቀን ሥራ። የምዕራቡ መጽሐፍ «ከገቢ ላይ ወጪ ሲቀነስ ትርፍ ነው» ይላል። ቻያኖቭ ግን የገበሬ ቤት ደሞዝ የለውም አለ። ባል ለሚስቱ፣ አባት ለልጁ ደሞዝ አይከፍልም። ስለዚህ «ትርፍ» የሚባለው ቁጥር ከነጭራሹ ሊሰላ አይችልም። ገበሬው የሚመዝነው ሌላ ነው፦ የሚበላው አፍ ስንት ነው፣ ድካሙስ እስከ የት ይቻላል? አራት ሕፃናት ያሏቸው ባልና ሚስት ወገባቸው እስኪቆረጥ ይሠራሉ። ልጆቹ አድገው ማረስ ሲጀምሩ እያንዳንዱ ሰው የሚሠራው ይቀንሳል። የትኛውም ነጋዴ በማይደፍረው ዋጋ መሬት የሚከራየውም ለዚህ ነው። ሞኝ ሆኖ አይደለም፤ ጉልበቱን የሚሸጥበት ሌላ ቦታ ስለሌለውና ቤቱ አፍ ስለሞላ ነው።

በዚህ አንጻር ሚር ውስጥ መሬት በአፍ ቁጥር መከፋፈሉ እብደት አይደለም። ስሌት ነው፤ የተጻፈበት ቋንቋ ግን የስሚዝም የማርክስም አልነበረም።

የኛ አገር አንባቢ ቀልቡ ወደ «መሬት ላራሹ» መሄዱ አይቀርም። በኛው አቆጣጠር በ1967 የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ አደረገ፤ መሸጥ ከለከለ፤ ድልድሉንም ለገበሬ ማኅበር ሰጠ። የእኛ ርስት ግን ሚር አልነበረም። ርስት በዘር ሐረግ ይጠየቃል፤ ሚር ግን ማን ነው ብሎ አይጠይቅም፣ ስንት ናችሁ ነው የሚለው።

ቻያኖቭ በ1930 ታሰረ፤ በ1937 ተረሸነ። በዚያው በ1930 ሚርም የጋራ እርሻ በተስፋፋባቸው ወረዳዎች በሕግ ፈረሰ። ቦታውን ኮልኾዝ የሚባለው የጋራ እርሻ ወሰደ። ገበሬዎች የኮሚኒስት ፓርቲውን ምህጻረ ቃል «ቪ ካ ፒ»ን «ሁለተኛው የባላባት አገዛዝ» ብለው ያነቡት ነበር፤ በሩሲያኛ ፊደሎቹ ይገጥማሉ። በ1932 የከተማ ሰው መታወቂያ ሲሰጠው አብዛኛው የኮልኾዝ ገበሬ አልተሰጠውም። መታወቂያ ለሁሉም ይገባል የሚለው ደንብ የወጣው በ1974 ነው።

ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ የምዕራብ አማካሪዎች እንደገና መጡ። ኮልኾዞች ይበተኑ፣ መሬት ለግለሰብ ይሰጥ ተባለ። 12 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች የመሬት ድርሻ አገኙ። አብዛኞቹ መልሰው ለዚያው እርሻ አከራዩት። ወረቀቱ ስንት ሄክታር እንደሚደርሳቸው ይናገራል። የት እንደሆነ ግን አይናገርም።